ፍሪጁን ልክፈተው?

ወይዘሮ ፔልቶላ ከመሳቢያዋ ስባ
አሥራ አንድ አልበም ሰጠችኝ፣ ደርባ ደርባ።
አሥራ አንድ ባልና ሚስት፣ አሥራ አንድ ሳቅ፣
አሥራ አንድ ውሻ፣ ሐይቅ ዳር፣ ፀሐይ ስትጠልቅ።
«ውድ እናት» ይላል ሁሉም ሲጀምር፣
«ልብሽ ጀግና ነው»፣ ስሜን እንኳ ሳያውቅ ሲመሰክር።
ፈረስ የሚገዛ ሰው ጥርስ አይቶ ነው አሉ፣
እዚህ ግን ጥርስ ብቻ! ሰዎቹ የታሉ?

ዘጠነኛው ላይ ቆምኩ። ፎቶው ተንጋዷል፣
የሴትየዋ ዓይን ተጨፍኗል፣ የውሻው ጭራ ከገጹ ወጥቷል።
«ይቅርታ፣ ካሉን ሁሉ ይሄ ይሻላል» ብለዋል ከሥሩ።
«እነዚህን ልያቸው» አልኩ፤ ተጀመረ ነገሩ።

የተገናኘነው ዱሉዝ፣ ወደ ላይ ከሚነሣው ድልድይ አጠገብ፣
ፓንኬክ ቤት። ማንም አልበላ። ማሩ ብቻ ቀስ እያለ ሲንጠባጠብ።
ጉሮሮ ጠረግን እንደ ሽማግሌ፣ ልጅ ሊለምን እንደመጣ፣
ማን ለማኝ፣ ማን ተለማኝ እንደሆነ ግን ሳይለይ ሒሳቡ መጣ።
ስንነሣ የብሪታ እጅ ወደ ሆዴ ተዘረጋና አየር ላይ ቆመ፣
ፈቃድ እንዳልጠየቀ ሲታወቀው ወደ ኪሷ አዘገመ።
ይቺን ያዝኳት። አልበሙ ውስጥ የለችም።

በሳምንቱ በስልክ ጠየቅኳቸው፣ ጥያቄ ከጥያቄ መርጬ፣
ከተሰጠኝ ወረቀት ሳይሆን ከእንቅልፍ አልባ ሌሊቴ ቆርጬ፦
ስትኳረፉ ቀድሞ የሚናገር ማነው?
ከገንዘብና ከእውነት ቤታችሁ ቀድሞ የሚያልቀው የቱ ነው?
አሥራ ሦስት ሲሞላት «እናቴ አይደለሽም» ብትልሽ፣ ብሪታ፣
በር ዘግተሽ ትሄጃለሽ ወይስ ትቆሚያለሽ፣ ከበሩ ማዶ፣ በዝምታ?
ዴል ሳቀ። ብሪታ ቆየች። «እኔ እንጃ፣ መጀመሪያ አለቅስ ይሆናል፣
ከዚያ ሳንድዊች ሠርቼ ደጇ ላይ አስቀምጣለሁ። መቼም ይርባታል።»

መጋቢት ላይ ቤታቸው ሄድኩ። በረዶው እስከ መስኮት።
የሕፃኑን ክፍል ሊያሳዩኝ ደረጃ ሲጀምሩ እኔ ቀረሁ፣ ከማዕድ ቤት።

«ፍሪጁን ልክፈተው?»
ተያዩ።
«ክፈቺው።»

ቀኑ ያለፈ ሰናፍጭ። የትናንት ሾርባ። ግማሽ ሽንኩርት።
ወረቀት ላይ የተጻፈ ዛቻ፦ «ዴል፣ ኬኳን ብትነካት!»
ከእንቁላሉ ጀርባ ትንሽ ብልቃጥ፣ መርፌ ያለው፣
ያልተከፈተ። የብሪታ ስም አለበት። ቀኑ የሦስት ዓመት ነው።
ቀላች። «ለመውለድ ስንሞክር የተረፈ መድኃኒት ነው፣ ጊዜው ያለፈ፤
ስንቴ ልጥለው አንሥቼ መለስኩት፣ እጄ እየሰነፈ።»
እኔም ቦርሳዬን ከፍቼ አሳየኋት ያልጣልኩትን፣
የኬንትን የሥራ ባጅ፣ ሳይሰናበት ሲሄድ ጎማ ቤቱ የተወውን።
ሁለት ሴት፣ ክፍት ፍሪጅ ፊት፣ ብርዱ እግራችን ላይ ሲፈስ፣
ቆምን፣ ዴል «ኤሌክትሪኩ…» ብሎ ሊዘጋው እስኪደርስ።

ሲናደድም አየሁት ያን ለት። መኪናዬ በረዶ ውስጥ ሰምጦ፣
አካፋውን ረገጠው፣ ተሳደበ፣ አየኝና ቆመ ደንግጦ።
«ጎማ ቤት ትሠሪያለሽ፣ ጎማሽ ግን ሙልጭ!» አለኝ፣
ሳቄ እስከ ልጅቷ ወረደ መሰለኝ።

ገና አልፈረምኩም። ሳልወልድ የሚፈረም ነገር የለኝ፣
«ያኔም እምቢ ማለት ያንቺ ነው» ብላ ፔልቶላ ሁለቴ ነገረችኝ።
ይሄን እነሱም ያውቃሉ። እያወቁ ነው መኪናዬን የገፉት።

ሞተሩን አስነሥቼ መስኮት ዝቅ አደረግኩ፦
«ስለኔ ምን ትነግሯታላችሁ?»
በደረሰኝ ጀርባ ልትጽፍ እስክሪብቶ አወጣች ብሪታ፣
«ንገሪን እንጂ። ከየት እንጀምር?» ልጅቷ ውስጤ ተገላበጠች ለአፍታ።

«ሰናፍጭ አልወድም» አልኩ።
ጻፈችው።