ጣርማ በር፣ ጉም የወረደ ቀን

ደብረ ብርሃን ጫንኩኝ ብርድ ልብስ በቦንዳ፣
መሪው ገና አዲሴ፣ መንገዱም እንግዳ።
ከዋሻው ስወጣ፣ ጣርማ በር አፋፍ ላይ፣
ከታች ምድር የለም፣ ከላይ የለም ሰማይ፤
ጉም ብቻ።
እንደ መንዝ በግ ሱፍ፣ እርጥብ፣ የተከመረ፣
የመኪናዬን መብራት ውጦ ወደ እኔው ሲመልስ የነበረ።

ዳር ይዤ ቆምኩና፣ ጣቴ በብርድ ደንዝዞ፣
«በጉም ቁልቁለት እንዴት ይወረዳል ጭነት ይዞ?»
ብዬ ጻፍኩለት ስልኬ ውስጥ ላለው ሰው ሠራሽ አዋቂ።
መለሰ ወዲያው፤ ጨዋ ነው፣ አያጉላላም ጠያቂ።
ሰባት ነጥብ ሰጠኝ፣ በተራ የተደረደረ፤
«አንደኛ፣ ከፊትዎ ካለው መኪና ርቀት ይጠብቁ።» ከፊቴ ማን ነበረ?
«አራተኛ፣ ይረጋጉ።»
ቀኝ እግሬ ይርገፈገፋል ፍሬን ላይ እንዳረፈ።
«ሰባተኛ፣ መልካም ጉዞ» አለኝና አለፈ።

ሐሰት አልነበረውም፤ ቃሉም አልተንጋደደ፤
ግን ቁልቁለቱ ውስጡ የለም፤ ማንም በዚያ አልወረደ።
ከራቫት አስሮ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ
መስታወት ውስጥ እንደሚቆም የሱቅ አሻንጉሊት፣
ከአንገቱ በላይ ተቀንሶ።

እንዴት እንደወረድኩ እኔም አላውቀው።
ማርሹ ሁለተኛ፣ መስኮቱ ክፍት፣ ላብ ሸሚዜን ሲያጣብቀው፤
ደብረ ሲና ስደርስ እታገኝ ቆሎ ሰፍራ ብትሰጠኝ
ግማሹ መሬት ፈሰሰ፤ እጄ አልታዘዘኝ።

ከጎኔ ጋሽ ወንድይፍራው ነበር፤ አይቶኝ ሳቀ።
ሠላሳ ዓመት ያንን ኩርባ ሲዞር ወገቡ የደቀቀ፣
ሁለት ጣቱን ክሪክ ሥር ትቶ የመጣ።
«ጋሼ፣ እንዴት ነው የሚወረደው፣ ጉም ሲመጣ?»

«እኔ እንጃ» አለኝ መጀመሪያ።
(ከሰባቱ ነጥብ አንዱም «እኔ እንጃ» አይልም ነበር።)
ቆሎውን አላመጠ። ገለባ ከጥርሱ አወጣ።
ወደ ተራራው አየ፤ ተራራው አሁንም የለም።

«እኔ እንጃ ልጄ። ብቻ አንድ ነሐሴ፣ ስሚንቶ ጭኜ፣
ረዳቴ ደምሰው በእግሩ ከፊት ይሄዳል፣ እኔ እሱን አምኜ፤
ነጭ ጋቢ ለብሷል። ጋቢው ነጭ፣ ጉሙ ነጭ፤ ጠፋኝ።
‹አፏጭ!› አልኩት በመስኮት። ሲያፏጭ ነፍሴን መለሰልኝ።
ፉጨቱን ይዤ ወረድኩ፣ ስንዝር በስንዝር።
አራተኛው ኩርባ ላይ ቀጥ አለ። የሚሰማ ነገር
የለም። ፍሬን ረገጥኩ። ተጣራሁ። ዝም።
ያ ገደል ደግሞ የወሰደውን አይመልስም።
መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ ስቅስቅ ብዬ፣
እናቱን ምን እላታለሁ ብዬ።
ለካስ ዳር ቆሞ ይሸናል! ሱሪውን እየቆለፈ መጣ፤
‹ጋሼ፣ ምነው ቆምክ?› ቢለኝ፣ ሳቅና እንባ አንቆኝ ቃል አልወጣ።
ከዚያ ወዲህ ማፏጨት የማይችል ረዳት አልቀጥርም።
ሌላ የማውቀው የለም።»

ይኸው ነው ምክሩ። ለማንም የማይሆን ይመስላል።
ግን ውስጡ አንድ ሰው አለ፤ መኪናውን አቁሞ ያለቅሳል።

ዘንድሮ ረዳት ስቀጥር ስለ ጎማ፣ ስለ ክሪክ አልጠየቅሁም፤
«ታፏጫለህ?» አልኩት ልመንህን። ያበድኩ መስሎት ሳቀ።
እኔም ምክንያቱን አልነገርኩትም።

ትናንት ማታ ጣርማ በር ጉም ነበር። ልመንህ ከፊት ሄደ፤
ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው፣ የጠየቀው የለም፤
ፉጨቱ ብቻ፣ ቀጭን፣ ወለም ዘለም እያለ ቁልቁል ወረደ።
አራተኛው ኩርባ ላይ ተቋረጠ።
ቆምኩ።
የእጅ ፍሬን ሳብኩ።
የጋሽ ወንድይፍራው እንባ ዓይኔ ላይ መጣ፤
መስኮቱን እስከ ታች ከፍቼ
ጠበቅሁ።