ስንጥብ

ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ካፊያ አርጥቦታል የአቶቴን መንገድ፣
ዱካሞ ከሐይቁ፣ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ፣ ገባ እንደ ዘመድ።
"ንቀይልኝ" አለ፣ "የኋላዋን መንጋጋ፣
ሦስት ሌት አስቀምጣኛለች እስኪነጋ።"
ወንበሩ ላይ ወጣ። ጫማው ላይ ተጣብቋል የቆሮሶ ቅርፊት፤
መብራቱን ሳዞረው ብልጭ አለ፣ ከአፉ በፊት።

"አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል" ይባላል፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አፍ ሳስከፍት ኖሬ የገባኝ ግን ሌላ፦
አንዳንዴ መቅኒም፣ መናገሪያ ሲያጣ፣ እስከ ድድ ይመጣል።

መንጋጋዋስ ደህና ናት። ጥቂት ተቦርቡራለች፣ በቃ።
ያስቆመኝ ድዱ ነው፤
የነጣ፣ ደጋግሞ እንደታጠበ የተማሪ ሸሚዝ፣
ሥር ሥሩ ግን ያበጠ፣ ሳይነኩት ደም የሚያዥ።
ላንቃው ላይ ነጥብ፣ ነጥብ፣
ከወንፊት ያመለጠ በርበሬ መሳይ፣
በጣቴ ስጫነው የማይጠፋ ቀይ።

"መቼ ጀመረህ?"
"ምኑ?"
"ደሙ።"
"እሱማ መፋቂያዬ ነው፣ እንጨቱ ጠጥሮ።"
"ምላስህስ?"
"ቃሪያ ነው፤ ለምጄበት፣ ድሮ።"
"ድካምስ?"
"ጀልባ መሳብ ነዋ! ደግሞም አርጅቻለሁ" አለ፣ ሊያስቀኝ።
ካርዱን አየሁት። ሠላሳ አንድ ይላል። ሳቁ አልመጣልኝ።

ጉጠቱን መለስኩት።
ብረት ከሳህኑ ጋር ሲገናኝ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ እሱም ሰማው።
"አልነቅልም።"
"ብር እኮ ይዣለሁ!"
"ዛሬ ይቺን ብነቅል፣ ደምህ መቆሚያውን አያውቅም፣ ዱካሞ።
መጀመሪያ ደምህ ይታይ።"
ተነሣ ተቆጥቶ። "ከመናኸሪያ ጀርባ፣ ያለ ወሬ የሚነቅል አለ፣
ጣቱ ወርቅ ነው" አለ።
እጁ በሩ ላይ ደርሷል።

ምን እንዳስጠየቀኝ እንጃ፦
"ዓሣ ስትረከብ፣ ቀድመህ ምኑን ታያለህ?"

ዞረ። ይህን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ፣ በሚል ዓይን።
"ስንጥቡን ነዋ! ጉንጩን በአውራ ጣት ገልጬ።
ቀይ ከሆነ፣ ዛሬ ነው፤ ሐይቁ ገና አላወቀም መውጣቱን።
ከነጣ ግን፣ ማንም ቢምል፣ ማንም..."

አልጨረሰውም።
መስታወቱን ሰጠሁት።
ከንፈሩን በአውራ ጣቱ ገለጠ፣ በዚያው በለመደው አገላለጥ፤
ውጭ ባጃጅ አለፈ። ካፊያው ወደ ዝናብ ሊለወጥ።

ወረቀቱን ስጽፍ ዝም ብሎ ቆየ፤ የሪፈራሉን መንገድ ያውቀዋል።
ከደጃፉ ተመልሶ ብቻ፣
"እናቴ ድዷን ተነቅሳለች፤ ሰማያዊ ነው፣ ከጥንት፤
እሷንስ በምን ታውቂያታለሽ?" አለኝ።
"ምላሷን አያለሁ" አልኩት።
ራሱን ነቀነቀ፣ ዋጋ እንደተስማማ ነጋዴ።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ልጅ መጣ፣ ከአሞራ ገደል፣
በጥቁር ፌስታል አንድ ቆሮሶ አንጠልጥሎ።
"ዱካሞ ነው የላከኝ፣ ከአልጋው ሆኖ።
'ሳትቀበይ ጉንጩን ግለጪ' በያት ብሏል።"

"እሱስ? እሱ እንዴት ነው?"
ልጁ ከንፈሩን ገጠመ።
ዓይኑን ጣለው፣ ከሳህኑ ላይ፣ ከጉጠቱ።

ፌስታሉን ፈታሁ። በአውራ ጣቴ ገለጥኩት።
ቀይ ነበር። እንዴት ያለ ቀይ!
ቀና ስል በሩ ክፍት ነው፤
ልጁ የለም፤
ያቺ መንጋጋ አሁንም እዚያው አፍ ውስጥ ናት፣
ሳትነቀል፣ እየጠበቀችኝ።