የቅሬው መዝገብ

ከጦሳ ጉም ወርዶ ቧንቧ ውሃ ሲደርስ፣
አያ ጦይብ ገቡ፣ ኬሻቸው ሲያፈስስ።
«ላፕቶፕ ነው፣ አንተ ልጅ፤ የሞተ መሰለኝ፤
የቅሬውን መዝገብ ሳትቀብረው አውጣልኝ።»

ማብሪያውን ስጫነው ፊቱ ሰማይ ሆነ፣
በፈረንጅ «ይቅርታ» ብሎኝ ተዳፈነ።

ዊንዶውስ ማለት እኮ ሰኞ ገበያ ነው፤
የማይገኝ የለም፣ ሌባም ደንበኛው ነው።
ፕሪንተር ያውቀዋል፣ የቀበሌውም ፎርም፣
ግን ቫይረስ ሲመጣ «ማን ነህ?» እንኳ አይልም።

ማኩን ሰሚራ ናት ከኩዌት ያመጣችው፤
ቢያምርም ጀርባው ድፍን፣ ብሎኑን የት ላግኘው?
ራም ልጨምር ብለው «ሙሉ ነኝ» አለኝ፣
«ካነስሁህ ሌላ ግዛ» ብሎ ዘጋብኝ።

ሊኑክስ ግን ዘመድ ነው፤ ኪራይ አይጠይቅም፣
ጓዳውን ያሳያል፣ ምንም አይደብቅም።
ብቻ «ዋይፋዩን ራስህ ፈልገህ ጫን» ይላል፤
በጥቁር ገጽ ስትጽፍ፣ ስትሰርዝ ይነጋል።

እሱኑ በፍላሽ ባስነሣው በላይዋ፣
ሞተች የተባለች ተከፈተ ጓዳዋ።
«ቅሬ 97» የሚል ፎልደር አገኘሁ፤
ከፈትሁት። ፊደል የለም። ዝባዝንኬ አየሁ፦
የፈረንጅ ሆሄ፣ ነጥብ፣ ባዶ ሣጥን፣ ጭረት።
የድሮ ግዕዝ ፎንት፣
ከሞተው ዊንዶውስ ጋር አብሮ የተቀበረ።
ሊኑክስ አያውቀውም፣
ማኩም አያውቀውም፣
አዲሱ ዊንዶውስም።
ለካ በር መክፈት ብቻ ማንበብ አይደለም።

ከጠረጴዛው ሥር፣ ከሽቦ ክምር ውስጥ፣
ኤክስፒ የጫነች አንዲት አሮጊት አለች።
ኢንተርኔት አላሳያት፣ ጉንፋን አትችልም፤
ቪዲዮ ብትከፍትባት ትንፋሽ ያጥራታል።
አቧራዋን ጠርጌ ገመዷን ሰካሁት፤
ፋኗ እንደ ወፍጮ ጮኸ፤ ቆየች፤ ቆየች፤
ፊደሉን አስታወሰች።

ስም ወረደ በተራ፦ እንድሪስ ወልዴ፣
ወለተ ኪዳን አሊ፣ ከማል አስረስ...
አያ ጣታቸውን ከመስታወቱ አልነቀሉም።
«እቺ ሞታለች» አሉ፣ «ይሄ ጅቡቲ ነው፣
ይሄኛው ድንኳኑን እስካሁን ያልመለሰው።»

ወርደው፣ ወርደው፣ ከራሳቸው ስም ሲደርሱ ዝም አሉ።
«ጦይብ ሙሄ። ውዝፍ፦ ስምንት ብር» ይላል።
ሳቁ።
«ይቺ እንኳ ባትነበብም ግድ የለም ነበር።»

መቶ ብር ሰጡኝ። መልሱን ስቆጥር፣
«ስምንቷን ለይልኝ፣
የቅሬው ናት» አሉ።