የማይቆረጥ ገመድ

መንገዱ እዚህ ያልቃል።
መኪናው ገመዱን አራግፎ፣ አቧራውን ትቶልን፣ ፊቱን ያዞራል።
ከዚህ እስከ ወንዛችን የሁለት ቀን ዳገት፣
በቅሎ የማትደፍረው፣ አንዳንዱ በእግር፣ አንዳንዱ በደረት።

መሐንዲሱ ከካትማንዱ ነው፣ ልጅ ነው፣ ጢሙ ገና አልጠና፤
«እንዳትቆርጡት» አለ፣ «የተቀጠለ ገመድ ሰው አይሸከምምና።»
ሦስት መቶ ክንድ ብረት፣ ወጥ እንደሆነ፣
በሃያ ስድስት ትከሻ ላይ ሳይበጠስ ተበተነ።
አንድ ጥምጥም ለአንድ ሰው፤ ቀጥሎ የላላ አራት ክንድ፣ ቀጥሎ ሌላ ሰው፤
እኔ አሥራ ሰባተኛ፤ ከኋላዬ መምህር ጁንጌ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው፤
ከፊቴ ፉልማያ።

የፉልማያ ግራ እጅ ሦስት ጣት ነው የተረፈው።
ሁለቱን ያስቀረው አሮጌው ሽቦ ነው፤
በሳጥን ተንጠልጥለን ራሳችንን ስንጎትት የኖርንበት፣
ሥጋና ገመድ መለየት የማያውቅ መዘውር ያለበት።
ልጇን ግን ሽቦው አይደለም የወሰዳት።
በክረምቱ እኩሌታ፣ ወረፋው በዝቶ፣ የትምህርት ቤቱ ደወል እንዳይቀድማት፣
ጫማዋን በእጇ ይዛ በእግሯ ገባች።
ይህን ማንም አያነሳም። ፉልማያም አላነሳች።

ሹማምንቱ በየምርጫው ይመጡና፣ አበባ በአንገት፣
ወንዝ የማያሻግር ቃል ይሰጡን ነበር፣ ከወዲያ ማዶ ቆመው፣ በጩኸት።

አሁን ግን ገመድ አለ፤ ገመድም ሕግ አለው፦
አንዱ ሲቆም ሁሉም ነው የሚቆመው።
አንዱ ሽንቱ ሲመጣ ሃያ አምስት ሰው ፊቱን ያዞራል፣
አንዱን ሲያስነጥሰው ገመዱ ለሁላችን ያወራል።
ራሱ ኩርባውን ዞሮ የጥድ ጥላ ሲያልፍ፣
ጭራው ገና ሸለቆ ነው፣ በላብ የሚንጠፈጠፍ።

ስምንተኛው ፑርና ነው። ዘጠነኛው ታናሹ፣ ቢርሴ።
በእርከን ድንበር ተጣልተው፣ ሦስት ቁና ዳጉሳ በማትሰጥ መሬት፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዱ ባለፈበት ሌላው አያልፍበት።
መሐንዲሱ ምን ያውቃል? በቁመት ነው የደረደረን፤
እኛ አይተን ዝም አልን፣ ሳቃችንን በሆዳችን ቀብረን።
እስከ እኩለ ቀን አንዲት ቃል የለም።
ከዚያ ገደሉ ጋ፣ የጸሎት ጨርቆቹ ከሚውለበለቡበት በታች፣
ፑርና አረንጓዴ ሽበት ያወጣ ድንጋይ ረገጠ፤
እግሩ አዳለጠ፣ ገመዱ ሁላችንን አንቆ ቀጥ አለ፣ ልባችን ቀለጠ።
ተነሣ። ወደ ኋላ ሳይዞር፣ «ድንጋይ አለ» አለ።
ቢርሴ ዝም። ዝም። ከዚያ፣ «አየሁት» አለ።
ይኸው ነው። ሽማግሌ ስንልክ፣ ፍየል ስናርድ የከረምንበት
ዕርቅ ከተባለ፣ ሦስት ቃል ነው ያለበት።

ሲመሽ ገመዱን አወረድን፣ ሰልፉን ግን አላፈረስን፤
ሁሉም ከጥምጥሙ አጠገብ፣ ብረቱን እንደተንተራስን፣
ኮከብ እየቆጠርን ተኛን። ፉልማያ ብቻ ቁጭ ብላ
አነጋች፣ ወደ ወንዙ ድምፅ ጆሮዋን ጥላ።

ድልድዩ የቆመ ቀን ሪባን ቆራጩ ሹም ዘገየ።
መጀመሪያ ልሻገር ያለ የለም፤ ሰው እርስ በርሱ ተያየ።
የመምህር ጁንጌ ፍየል ግን ሪባኑን አኝካ ጨርሳ
ተሻገረች፣ ደወሏን እያንቃጨለች፣ ጭራዋን ነስንሳ።
ፉልማያ ተከተለች። መሃል ላይ ስትደርስ ቆመች፤
ሦስቱን ጣት ከገመዱ ላይ አሳርፋ ወደ ታች አየች።
ውሃው ያው ነው፣ ይጮኻል። አልመለሰችለትም።
ጨው ልትገዛ ሄደች። ገዝታ ተመለሰች። ሌላ የለም።

የእኔ ጥምጥም የቱ ጋ እንደሆነ መዝገብ አልጻፈውም፤
ቆጥሬዋለሁ ግን፤ ከመሃሉ አለፍ ብሎ ነው፣ አይጠፋኝም።
ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲያጓራ፣ ሌሊት፣ ከቤቴ ሳንቀላፋ፣
ቀኝ ትከሻዬ ቀድሞኝ ይነቃል፤
አንድ ሰው እየተሻገረ ነው።