ግማሽ ስንዝር

ዓርብ ነው፣ ነሐሴ፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤
አውቶቡሴ አፉላ ጣቢያ ለሰንበት አርፋለች።
ስድስት ሜትር ሙሉ፣ በሸራ ተጠቅልሎ፣
የልጄ ክንፍ ከመኪናዬ ጣራ ላይ፣ እንደ ሬሳ ተንጋሎ —
ቁርጥ ይበል ምላሴ! — እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ።

መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ሊሮን እጇን በመስኮት ሰዳ
ነፋሱን በጣቷ ታሻለች፣ ሸማ እንደሚገዛ እንግዳ።
«ከምዕራብ ነው፣ አባ፤ ጥሩ ነፋስ ነው» ትላለች።
እኔ የማውቀው ጥሩ ነፋስ እህል የሚያዘራውን ነው፦
የሚበረው ገለባ፣ ቁልቁል የሚወድቀው ፍሬ።
ልጄን ከየትኛው ልደምራት? ዝም ብዬ ነዳሁ ዛሬ።

ይህ ተራራ ስሙን አስቀድሞ ልኮልኝ ነበር፤
የተወለድኩበት መንደር ከደብረ ታቦር
ግማሽ ቀን ያስኬዳል በበቅሎ። ልጅ ሆኜ
ታቦር ያ ብቻ ነው ብዬ ኖርኩ፣ አምኜ።
እዚህ መጥቼ ባየው፣ የተደፋ ቁና መሳይ!
ሳቅሁበት። አሁን ግን ከጫፉ ቆሜ ወደ ታች ሳይ
ጉልበቴ አይስቅም።

ሸራው ተዘረጋ፤ ቱቦ ከቱቦ ገጠመ፤
ሽቦው በየተራ ተነካ፣ ተቆጠረ፣ ደግሞ ተደገመ።
አልባዝ፣ አስተማሪዋ፣ ጉልበቱ በብረት የተጠገነ፣
«ተንጠልጠይ» ይላታል፤ ትንጠለጠላለች፤
ሆዷ ከመሬት አንድ ክንድ። «በቃ፣ ሆነ።»

ከዘንግ ጫፍ ቀይ ክር ታስራለች፤
ትነሣለች፣ ትወድቃለች።
እንጠብቃለን። እሾሁ በሙቀት ይንጣጣል፤
ከታች ከደቡሪያ የአንድ ትራክተር ድምፅ ይመጣል፣ ይሄዳል።
ከዚያ ክሯ ቀጥ አለች።

ሦስት እርምጃ። አራት። አምስተኛው መሬት አላገኘም።
ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ የተነሣችበትን አላየሁም።

እንዲህ ነኝ። ወደዚህ አገር ስመጣም፣ ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን፣
ከወለሉ ላይ፣ ሰው በሰው ላይ ተጋፍተን፣
መስኮቱ ከወዲያ ማዶ ነበር።
ሽማግሎቹ «በንስር ክንፍ» ይሉታል እስከ ዛሬ፤
እኔ ያየሁት ከፊቴ የተቀመጠውን ሰው ማጅራት ነው።

ቁልቁል ነዳሁ፣ ባንድ ዓይኔ መንገድ፣ በሌላው ሰማይ፤
መንጃ ፈቃዴን ይቀሙኝ ነበር፣ አለቃዬ ይህን ቢያይ።

ስንዴው ከታጨደበት ማሳ ዳር
ሐብሐብ የሚሸጥ የሺብሊ ሰው፣ አቡ ናሲም፣ ቆርሶ ሰጠኝ።
«ያንተ ናት?» አለ፣ በቢላዋው ወደ ላይ እያሳየኝ።
«የኔ ናት» አልኩ፤ አፌ ላይ እንግዳ ሆነብኝ።
ወደ ሰማይ ጠቁሞ የኔ ናት የሚል ማን አለ?

ሽመላዎች መጡ ከሰሜን፤ የዓመት መንገደኞች፣
ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ፣ ባንድ የማይታይ ምሰሶ ዙሪያ ዟሪዎች።
መሃላቸው ገባች። አብራ ዞረች፣ አብራ ወጣች፣
እስክትጠብ ድረስ፣ እንደ ሰረዝ፣ እንደ ቅንድብ።
ሐብሐቡ ክርኔ ድረስ ይንጠባጠብ ጀመር፤ አላልኩም ልብ።
እነሱ ወደ ደቡብ፣ እኔ ወደ መጣሁበት ሄዱ።
እሷ ተመለሰች።

ጥላዋ ቀድሟት ደረሰ፣ ገለባው ላይ እየተሳበ፤
እግሯ አቧራ አስነሣ፣ ሮጠች፣ በጉልበቷ ተደፋች፣ ሳቀች።
«አባ፣ አፍንጫውን ያዝልኝ!»
ክንፍ አፍንጫ እንዳለው ያን ቀን ሰማሁ።
ሽቦውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ፤
ነፋሱ ከሸራው ሥር ገብቶ ሽቅብ ሳበ፣
ተረከዜ — ልማል? —
ግማሽ ስንዝር።
ከዚያ መለሰኝ።

አቡ ናሲም ሚዛኑ ላይ አቀርቅሯል፤
ሊሮን መንጠቆዋን ትፈታለች።
ማንም አላየም።

ሰንበት ሳይገባ ቤት ደረስን፣ አንድ ሐብሐብ ይዘን።
እናቷ ይታይሽ «እንዴት ነበር?» ስትለኝ
«ሞቃት ነበር» አልኳት፤
ጫማዬንም ቀስ ብዬ አወለቅሁ፣
የተዋስኩት ዕቃ ይመስል።