ቢያንስ

አውሊኪ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በዮዌንሱ፣ ከሐይቁ ዳር፣
ጠመኔ አንሥታ ስታስተምር መነሻዋ አንድ ክብ ነበር።
«ሳቡት» ትለን ነበር፣ «ለጥጡት፤ ማዕዘኑ ግን አይዛነፍ፤
እምብርቱ ላይ ልኩ ይጠበቅ፤ አትቅደዱት፣ አይታጠፍ፤
ሁለት ነጥብ አንድ ላይ አይውደቅ፣ አንዱ ባንዱ አይደረብ፤
ያኔ የትም ብታደርሱት፣ የቱንም ያህል ቢጣመም፣
በእምብርቱ ዙሪያ ይቀራችኋል፤ ቢያንስ፣ ቢያንስ ሩብ።»

ቃሏን ከቁጥሩ አግዝፋ፣
«ቢያንስ»ን ከሰሌዳው ዳር እስከ ዳር ጽፋ፣
ዞር ትልና ታየናለች፤ መነጽሯ ላይ ብናኝ፤
«‘እኩል ነው’ የሚል ዕድለኛ ነው፤ እኔን ግን ይህም የሚበቃኝ።»

ባሏ ታርሞ የበረዶ መንገድ ጠባቂ ነበር፣
ክረምት ክረምት ሐይቁ ላይ መኪና የሚያሳልፍ፣
በመሰርሰሪያ እየወጋ ውፍረቱን ለክቶ የሚጽፍ።
አሁን ከአረጋውያን ቤት፣ መስኮት ሥር ተቀምጦ፣
«ሲርካ» ይላታል ሚስቱን፣ በእህቱ ስም ለውጦ።
ሲርካ ከሞተች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል።

ሁለት ነጥብ አንድ ላይ ወደቀ።
አውሊኪ ኮቷን ሳታወልቅ ቆመች። ያ የተማመነችበት ሩብ
ያለ ቅድመ ሁኔታው አይሠራም።

ሰኞ ወደ ክፍል ገባች። የለመድነውን ትታ፣
ሌላ ቲዎረም ጻፈችልን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አመንትታ።
«ይህኛው መታጠፍ አይከለክልም። እምብርቱ ላይ ልኩ ይኑር እንጂ፣
ሌላው ይደረብ፣ ይነባበር።
ቢሆንም የሆነ ቦታ አንድ ያልታጠፈ ክብ አለ፣
ራዲየሱም ከመጀመሪያው ቢያንስ ከአምስት ሁለት እጅ።
የት እንደሆነ ግን አይነግረንም።
ትክክለኛው ቁጥርስ? እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።»
ቬይካ ከኋላ እጁን አወጣ፤ «ታዲያ እንዴት ይፈለጋል?»
«እየዞሩ» አለች። «ማረጋገጫው ‘አለ’ ብሎ ያርፋል፤ ፈላጊው ነው የሚደክም።»

ፈለገችው። በፎቶ፣ በሠርጋቸው ቀን ጫማ፣ በኩኡሳሞ ጉዞ፣
በልጃቸው ስም። ሁሉም ተደርቧል፣ አንዱ ሌላውን ይዞ።

አንድ ከሰዓት፣ ሁለት ልጆች በረዶው ላይ ሲሄዱ አየ በመስኮቱ፤
ተነሣ። ወንበሩ ወደቀ። እንደ ዱሮው ሆነ ፊቱ።
«አምስት ሴንቲ ለእግረኛ። ሃያ ካልሞላ ለመኪና አይሆንም።
ይህ የመጋቢት በረዶ ነው፤ ከታኅሣሥ ጋር አንድ አይደለም።
ሸምበቆው ሥር፣ ወንዙ የሚገባበት ጋ፣ ግማሹን ቀንሱ።»
ቁጥሮቹ አልተደራረቡም፤ እያንዳንዱ በየራሱ።

አውሊኪ የኮቷን ቁልፍ ይዛ ቀረች፣ መተንፈስ ፈርታ።
እዚህ ነበር። ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፋ፣ ስታ!
ዝርግ፣ ጽኑ፣ ሰው የሚያቆም፤
ስፋቱን ግን አላወቀችም።

ሊመሽ ሲል ኮፍያዋን ስታደርግ ዞር ብሎ አያት፣
«በጠርዙ አትሂጂ» አላት፣
የማንንም ስም ሳይጠራላት።

ወጣች። በሐይቁ መሀል ሄደች፣ ከጠርዙ ርቃ፣
በረዶው ከእግሯ ሥር ሲያጉረመርም ቆም ብላ፣ ጠብቃ።
ቢያንስም፣ አለ።
ቢያንስ።