ፊውዙን ማን ገደለው

ቁልፉን ስጠኝ ይመር፤ መፍቻውንስ ተወው፣
አፍንጫ ነው ቀድሞ ነገር የሚያወጣው።
ትናንት ባትሪ ገዛህ፣ ሦስት ፊውዝ አቃጠልህ፣
ባራተኛው ቦታ የሲጋራ ብልጭልጭ ጠቅልለህ
ሐረጎን ልትወጣ በጭጋግ ተነሣህ።

ፊውዝ እኮ ዘበኛ ነው፣ ሞቶ ነው የሚጮኸው፤
አንተ ግን «ማን ገደለው?» ሳትል ቀበርኸው።

ና ጎንበስ በል፣ እየው፤
ማሰሪያው ተበጥሶ፣ ሽቦው ተንጠልጥሎ፣
ማርሚታው ላይ ተኝቷል ልብሱን አውልቆ ጥሎ።
ይቺ ጥቁር እንባ የማዳበሪያ ቅሪት፣
ከደሴ ሰኞ ገበያ በጎን ያሰርኸው ሽንኩርት።

ቤንዚኑ ጠብ ቢል ኖሮ…
ተወው። ከኋላህ ልጅህ ነበረች።

ሽቦውን ከጋለው ብረት አርቄ አሰርሁት፤
ሂሳቡ የአንድ ፊውዝ ነው።
የሲጋራውን ወረቀት ግን ተወልኝ፣
ከሌሎቹ ጋር ግድግዳው ላይ እለጥፈዋለሁ።